ጥሪን መከተል በጎነት ነውን?

አንድ ሰው ተጠርቶ ቢሄድ፣ ሄዶም በዚያው ቢቀር፣ ስለ ሄደ ብቻ መልካም አደረገ ልንል ይገባናልን? ይህን የምናነሣው ለክርክር ማድመቂያ አይደለም። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ከጧት እስከ ማታ ይጠራል። ቤተ ሰብ ይጠራዋል፤ ሃይማኖት ይጠራዋል፤ ብሔረ ሰቡ ይጠራዋል፤ ድርጅት ይጠራዋል፤ በዚህ በእኛ በድሬዳዋ ደግሞ ባሕር ማዶ የሚባል ሌላ ብርቱ ጠሪ አለ። ቋንቋቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚሉት አንድ ቃል ነው፤ «ና» ነው። ሁሉም የተከተላቸውን ያሞግሳሉ፤ ቆም ብሎ «ወዴት?» ያለውን ግን ፈሪ ወይም ከሃዲ ይሉታል። ታዲያ ለመሆኑ ጥሪን መከተል በራሱ በጎነት ነውን?

ወደ መልሱ የምንሄደው በአበባ በኩል ነው። አንባቢያችን «በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ የባዮሎጂ ትምህርት ምን አመጣው?» ይል ይሆናል። ጥቂት ይታገሠን፤ ነገሩ ከቀፊራ ገበያ የራቀ አይደለም።

ቀፊራ የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው በዚያ ገበያ ውስጥ ከዕቃው አስቀድሞ የሚቀበለን ጥሪው ነው። አንዷ ፓፓያዋን ከፍ አድርጋ በኦሮምኛ «ኮቱ!» ትላለች፤ ወዲያ ማዶ ያለችው በሶማልኛ «ካላይ!» ትላለች፤ ከወዲህ ደግሞ የብርቱካን ነጋዴው «አቦ፣ ና ቅመሰው!» ይላል። ሁሉም ና ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል የሚያልፍ ሰው ድምፁን ሁሉ ይሰማል፤ አንገቱን የሚያዞረው ግን ለሚያውቀው ቋንቋ፣ ለሚፈልገው ዕቃ ወይም ለገዛ ስሙ ነው። እንግዲህ ጥሪ ማለት ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ድምፅና የተዘጋጀ ጆሮ ሲገናኙ ነው ጥሪ የሚሆነው።

ከበቆሎ ጠባሿ ዘንድ ደግሞ ቆም እንበል። አንዳንዱ በቆሎ ጥርሱ እንደ ወላለቀ ሽማግሌ ድድ እዚህም እዚያም ፍሬ ይጎድለዋል። ገዢው «ይኼማ ግማሹ የለም!» ብሎ ዋጋ ያስቀንሳል። ከዚያ ጉድለት በስተኋላ ግን አንድ ሙሉ ታሪክ አለ። የበቆሎ ወንዴ አበባ በተክሉ አናት ላይ ነው፤ ሴቴዋ በቅጠል ተሸፍና ከግንዱ ጎን ትወጣለች። ስንልጠው የምንጥለው ያ ለስላሳ ጸጉር ጌጥ አይደለም። እያንዳንዷ ክር ወደ አንዲት ፍሬ የምታደርስ መንገድ ናት። ነፋስ ያወረደው የአበባ ዱቄት በክሯ ላይ ሲያርፍ ከቅንጣቱ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ቅንጣቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ቢሆን ነው፤ ቱቦው ግን በክሩ ውስጥ ለውስጥ እስከ 30 ሳንቲሜትር ድረስ ይጓዛል፤ ይህንንም በአንድ ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። መጨረሻ ላይ እንቁላሏ ካለችበት ደርሶ የተሸከመውን የወንዴ ዘር ያስረክባል፤ ያን ጊዜ አንድ ፍሬ ተቋጠረ ማለት ነው። ድርቅ ሲበረታ ጸጉሩ ዘግይቶ ይወጣል፤ ዱቄቱ ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ረግፎ ያልቃል። ክሯ ብቅ ስትል የሚመጣ የለም። ጎዶሎው ድድ እንዲህ ያለ መተላለፍ የተወው ምልክት ነው።

ይህን ቱቦ መጀመሪያ ያየው ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ አሚቺ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. የ1820ዎቹ መጀመሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 ደግሞ ሩሲያዊው ሰርጌይ ናቫሺን ቱቦው የሚያመጣቸው ሁለት የወንዴ ሕዋሳት ሁለቱም ሥራ እንዳላቸው አሳየ። አንደኛው ከእንቁላሏ ጋር ተዋሕዶ ፅንስ ይሆናል፤ ሁለተኛው ከሌላ ሕዋስ ጋር ተዋሕዶ ለፅንሱ ስንቅ ያበጃል። ቀፊራ ላይ የምንግጠው በቆሎ፣ ቤታችን የምንጋግረው ጤፍ፣ አብዛኛው ክፍሉ ይኸው ስንቅ ነው። ሁለቱ የወንዴ ሕዋሳት በራሳቸው መዋኘት አይችሉም፤ ቱቦው ካላደረሳቸው የትም አይደርሱም። ቱቦውም ዓይንና ጆሮ የለውም። በምን አውቆ ነው ታዲያ ያንን ሁሉ መንገድ የሚሄደው?

የጠሪዋ ማንነት የታወቀው በቅርቡ ነው። ጃፓናዊው ቴትሱያ ሂጋሺያማና ባልደረቦቹ ቶሬኒያ የምትባል የጓሮ አበባ መረጡ፤ የእርሷ እንቁላል ያለችበት ከረጢት ከሽፋኑ ወጣ ብሎ በአጉሊ መነጽር ስለሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሥራ ሕዋሳቱን በየተራ በሌዘር ጨረር እያጠፉ ቱቦው ይመጣ እንደሆነ ተመለከቱ። እንቁላሏ ራሷ ብትጠፋ እንኳ ቱቦው ይመጣል። ከጎኗ ያሉት ሁለት ትንንሽ ሕዋሳት ሁለቱም ሲጠፉ ግን የሚመጣ የለም። ጠሪዎቹ እነርሱ ናቸው፤ ሲነርጂድ ይባላሉ፤ ቃሉ ከግሪክ ሲሆን አብሮ ሠሪ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጥሪው ራሱ ተያዘ። ሲነርጂዶቹ የሚያመነጯቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ሉር የሚል ስም አወጡላቸው፤ በእንግሊዝኛ ማባበያ፣ ማጥመጃ ማለት ነው። ስሙን ልብ እንበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቱቦው የሚያድገው ከጫፉ ብቻ ነው። በዚያ ጫፍ ላይ ጥሪውን የሚቀበሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ በጫፉም የካልሲየም መጠን ከሌላው አካሉ ከፍ ይላል። መልእክቱ ከአንድ ወገን በርትቶ ሲደርስ የጫፉ እድገት ወደዚያው ያጋድላል፤ ቱቦውም ይታጠፋል። ደግሞም ቱቦው ይህን ጆሮ ከመነሻው ይዞት አይመጣም። በብልቃጥ ውስጥ ብቻውን ያደገ የቶሬኒያ ቱቦ በጥሪው አጠገብ አልፎ ይሄዳል፤ በአበባዋ አንገት ውስጥ ተጉዞ የመጣው ነው የሚሰማው። ጆሮ የሚሰጠው መንገዱ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የበለጠ ያስገርማል። ቱቦው ደርሶ ሲነርጂዷን ሲነካ ማቆም አለበት፤ ካቆመ በኋላ ይፈነዳል፤ ሁለቱን የወንዴ ሕዋሳት የሚለቀውም በመፈንዳቱ ነው። ለማቆሙ ምልክት ከሚያስፈልጉት አንዱ በሲነርጂዷ ላይ የሚገኝ ፌሮኒያ የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን ነው፤ ስሙ ከጥንት የኤትሩስካውያን የልምላሜ አምላክ የተወሰደ ሲሆን ምንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ፌሮኒያ በተበላሸባት ተክል ውስጥ ቱቦው ይደርሳል፤ ግን አያቆምም። እየተጠማዘዘ ያድጋል፣ ያድጋል፤ አይፈነዳም፤ ዘርም አይኖርም። በሌላ በኩል ቱቦው ጊዜው ሳይደርስ እንዳይፈነዳ የሚጠብቁት የራሱ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነርሱ ከጠፉ ገና ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ይፈነዳል። ነገሩ በትክክል ሲሄድ ግን ቱቦው የገባባት ሲነርጂድ አብራው ትሞታለች። ሁለተኛይቱ ትጠብቃለች። ፅንሱ ከተያዘ ጥሪዋን ታቆማለች። ካልተያዘ ሌላ ቱቦ ትጠራለች።

እስከዚህ ድረስ «ጥሪ»፣ «ጆሮ»፣ «መልእክት» እያልን መጣን። ጠንቃቃ አንባቢ «እንዴ! ሕዋስ ይጠራል እንዴ? ይህ የሰው ነገር ነው፤ እዚያ ያለው ኬሚስትሪ ብቻ ነው» ቢለን ተገቢ ነው። ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ችግር አንሥቶት ነበር። ሕያው ነገርን ዓላማ እንዳለው አድርገን ሳናስብ ልንረዳው አንችልም፤ ዓላማው በእርግጥ በነገሩ ውስጥ አለ ብለን ደግሞ ማረጋገጥ አንችልም፤ የእርሱ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። እኛም ከዚህ የተሻለ መውጫ የለንም። ነገር ግን የገዛ ቋንቋችን የሚነግረን አንድ ቁም ነገር አለ።

ፈረንጁ «ሴል» ያለው ክፍል፣ ጎጆ ለማለት ነው። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 የቡሽ ቁራጭ በአጉሊ መነጽር አይቶ ትንንሽ ባዶ ክፍሎች መስለው ስለታዩት ያወጣው ስም ነው። የእኛ ቃል ግን ሕዋስ ነው። አምስቱ ሕዋሳት ስንል ማየትን፣ መስማትን፣ ማሽተትን፣ መቅመስን፣ መዳሰስን ነው የምንቆጥረው። አንደኛው ቋንቋ ግድግዳውን አየ፤ ሌላው በግድግዳው አልፎ የሚመጣውን ነገር የሚቀበለውን አየ። የቱቦውን ነገር ካወቅን በኋላ የእኛ ቃል ሳይታሰብ ወደ እውነቱ ቀረብ ያለ ይመስለናል። ቢሆንም ስሜት መቀበል አንድ ነገር ነው፤ የተቀበሉትን መመዘን ሌላ ነገር ነው። ቱቦው የመጀመሪያው አለው፤ ሁለተኛው የለውም። የጽሑፋችን ነገር ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሕዋስ የሚለው ቃል ሦስተኛ ትርጉምም ነበረው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ወጣቶች በኅቡዕ ሲደራጁ ትንሿ የምስጢር ቡድን ሕዋስ ተባለች። በዚያ ዘመን በዚች አገር ወጣቶች መካከል «መሥዋዕትነት» ከሚለው ቃል የሚበልጥ የክብር ቃል አልነበረም። ከዚያ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሆነውን ቀይ ሽብር ከቤተ ሰቦቻችን ያልሰማን ጥቂቶች ነን። እኛ ያንን ትውልድ ለመክሰስ አይደለም የምናነሣው፤ ከሳሽ ለመሆን ዕድሜያችንም ዕውቀታችንም አይፈቅድም። የምናነሣው አንድ አደገኛ ምሳሌ ስላለ ነው፤ «ዘር እንዲገኝ ቅንጣት መሞት አለባት» የሚለው። ሰባኪም ፖለቲከኛም ይጠቀምበታል። አበባዋን ላየ ሰው ደግሞ ምሳሌው እጅግ ያባብላል። ቱቦው ፈነዳ፤ ሲነርጂዷ ሞተች፤ ፍሬ ተገኘ። «አየህ፣ ተፈጥሮም እንዲህ ታዝዛለች!» ይባላል።

ግን ታዝዛለችን? ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 እና በ1740 ባሳተመው መጽሐፉ ደራስያን ስለ «ነው» ሲያወሩ ቆይተው ሳይታወቃቸው ወደ «ይገባል» እንደሚሻገሩ አስተውሏል። ድልድዩ የት እንዳለ የሚያሳይ ግን የለም። ቱቦው ይፈነዳል ከሚለው ላይ ሰው ሊፈነዳ ይገባዋል የሚለውን ማውጣት አይቻልም። ከዚህም ሌላ የቱቦው ሞት መሥዋዕትነት አይደለም። መሥዋዕትነት እንቢ ማለት የሚችል ሰው እሺ ሲል ነው። እንቢ ማለት የማይችል ነገር ይጠፋል እንጂ አይሠዋም። ስለዚህ ሰውን እንደ ቱቦ እንዲሆን የሚጠራ ሰው፣ እየጠየቀው ያለው መሥዋዕትነትን ሳይሆን መሥዋዕትነትን የሚቻል የሚያደርገውን ነገር፣ ፈቃድን ነው። ያንን የሰጠ ሰው ሌላ የሚሰጠው የለውም።

ሁለተኛ አደገኛ ምሳሌ አለ፤ እርሱ ደግሞ የዛሬ ነው። የአንዱ ዝርያ ጥሪ ባብዛኛው የሚሰማው በራሱ ዝርያ ቱቦ ነው። ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው «እንግዲህ ወገን ከወገኑ መሆኑ የተፈጥሮ ሕግ ነው» ሊለን ይችላል። አራት አምስት ቋንቋ በሚነገርባት ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ወሬ ቀልድ አይደለም። ለዚህ ሰው የምንመልስለት አበባዋን እስከ መጨረሻዋ እንዲያይ ነው። የጎመን ዘመድ የሆኑ ብዙ ተክሎች የሚከለክሉት ባዕዱን ብቻ አይደለም፤ የገዛ ራሳቸውንም ዱቄት ለይተው ያውቁታል፤ ገና ደጃፉ ላይ ቱቦው ሳይገባ ያግዱታል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ ከራሳቸው ብቻ የተዳቀሉ ተክሎች ብዙ ጊዜ ከሌላ ከተዳቀሉት ደከም ያለ ዘር እንደሚሰጡ አሳይቷል። በሌላ ወገን ጤፍ ባብዛኛው ከራሱ ነው የሚዳቀለው፤ ምንም አልሆነም፤ እንጀራችን ነው። በቆሎ ደግሞ ከሌላው ተክል በነፋስ ይዳቀላል፤ እርሱም እህላችን ነው። ታዲያ የትኛው ነው «የተፈጥሮ ሕግ»? ከዚህ ውስጥ የፈለገውን መርጦ ሕግ ነው የሚል ሰው ሕጉን ከአበባ አላገኘውም፤ ከኪሱ ነው ያወጣው።

ባዕድነት ራሱ ምን እንደሆነም ጥናቱ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ሥራ አራቢዶፕሲስ ከምትባል ትንሽ አረም የጥሪዋን ጂን ወስደው ለቶሬኒያ ሰጧት። የአራቢዶፕሲስ ቱቦ ወደማያውቃት ወደ ቶሬኒያ ተጠመዘዘና ገባ። አንድ ቃል ነበር የጎደለው። ቀፊራ ላይ ያለችው ነጋዴ ይህን ያለ ላቦራቶሪ ታውቀዋለች፤ የሶማሌ ገዢ ሲያልፍ በሶማልኛ፣ የኦሮሞ ሲያልፍ በኦሮምኛ፣ የአማራ ሲያልፍ በአማርኛ ትጣራለች። ከዚህም ቢሆን ሕግ አናወጣም፤ ሌላው ሰው ሲያወጣ ግን ዝም አንልም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሉር የሚለውን ስም ልብ እንበል ብለን ነበር። በ2009ኙ ጥናት ተመራማሪዎቹ ያደረጉት አንድ ነገር አለ። ያንን ፕሮቲን በጄላቲን ጠብታ ውስጥ ከተው ከቱቦው ጫፍ አጠገብ አስቀመጡት። እንቁላል የለም፤ ከረጢት የለም፤ አበባ የለም፤ ጠብታ ብቻ። ቱቦው ወደ ጠብታው ታጠፈ። ጥሪው እውነተኛው ጥሪ ነበር፤ ጆሮውም አልተሳሳተም። ጠሪ ግን አልነበረም። ቱቦውን አንወቅሰውም፤ የሚመረምርበት ነገር የለውም። ሰው ግን አለው። ዘርዓ ያዕቆብ ጻፈው በሚባለው ሐተታ ውስጥ፣ ደራሲው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ዛሬም ቢከራከሩበት፣ ዋናው ትምህርት ይኸው ነው፤ ከአባቶች የሰማነውን ሁሉ ሳንመረምር አንቀበል ይላል። ይህን ለማድረግ ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም። ቀፊራ ላይ ሀብሀብ የሚገዛ ሰው ሻጩ ስለ ጠራው ብቻ አይገዛም። አንሥቶ መታ መታ ያደርገዋል፤ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ አልጥም ካለው አስቀምጦ ይሄዳል። ለሀብሀብ ያደረግነውን ለሕይወታችን ሳናደርግ ብንቀር ጉድ ነው።

ነገር ግን የተጠራውን ብቻ «ለምን አልመረመርክም?» ብለን ብንተወው ግማሽ ፍርድ ይሆናል። በዚህ ከተማ ጎረምሶችና ልጃገረዶች በጂቡቲ አድርገው ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ለመድረስ የሚወጡበትን መንገድ ሁላችንም እናውቃለን። ከመካከላቸው አብሮን የተማረ አለ። በበረሃ የቀረ አለ፤ ባሕር የበላው አለ። ያ ልጅ ሲጠራ ምን ነበር የተሰጠው? እውነተኛ ነገር ነው፤ ደመወዝ፣ ለእናቱ ቤት፣ ለእኅቱ ትምህርት ቤት። ድህነቱም እውነት ነበር። መንገዱ ጆሮ እንደሚሰጥ አይተናል፤ የእርሱንም ጆሮ ሥራ ያጣባቸው ዓመታት ከፍተውለት ነበር። ደላላው ግን ያንን ጥሪ በጄላቲን ጠብታ ውስጥ አድርጎ አስቀመጠለት። ልጁ ሄደ፤ ደላላው እዚሁ ሻዩን እየጠጣ ነው። ቀጣዩን ይጠራል።

እዚህ ላይ የሲነርጂዷ ነገር ይመጣብናል። ከአበባ ሕግ አናወጣም ብለናል፤ ቃላችንን አናጥፍም። ጥያቄ መውሰድ ግን አይከለከልም፤ መስተዋት ሕግ ባያወጣም ፊትን ያሳያል። በአበባዋ ውስጥ ጠሪዋ ከጠራችው ነገር ጋር አንድ ቦታ ላይ ናት። እርሱ ሲፈነዳ እርሷም ትሞታለች። «በቃ» የሚለው ምልክት ያለው በእርሷ ዘንድ ነው። ጉዳዩ ሲፈጸም ደግሞ ጥሪው ይቆማል፤ የሚያስፈልገው አንድ ከሆነ ዐሥር አይጠራም። እነዚህን ይዘን የሰውን ጠሪ ብናየው ምን እናገኛለን? ወጣቶችን ወደ እሳት ጠርቶ ከእሳቱ ርቆ የቆመ አለ። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ መጥራቱን ማቆም ያቃተው፣ ጥሪው መተዳደሪያው የሆነበትም አለ። «በቃ» የሚል ቃል የሌለው አለ፤ እርሱን የተከተለ ሰው ፌሮኒያ እንደጎደለባት ተክል ቱቦ ይሆናል፤ ደርሷል፣ ግን መድረሱን የሚነግረው ስለሌለ ዝም ብሎ ይጠመዘዛል። እንግዲህ ዕዳው የተጠራው ብቻ አይደለም። ጠሪ ዕዳ አለበት። የመጀመሪያው ዕዳ በጠራበት ቦታ መገኘት ነው፤ ሁለተኛው «በቃ» ማለትን ማወቅ ነው።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይቀርብናል፤ ሳንመልስ አናልፍም። «እናንተ መርምር መርምር ትላላችሁ፤ ጊዜ የማይሰጥ ጥሪስ?» የሚል ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። እንዲህ ባለ ሌሊት «ድረሱልኝ!» የሚል ጩኸት የሰማ ሰው ሐተታ አይጽፍም፤ ይሮጣል። ቁጭ ብሎ የመረመረ ቢኖር ክፉ ሰው እንለዋለን። ታዲያ ይህ የተናገርነውን አያፈርስምን?

አያፈርስም ብለን እናምናለን። መጀመሪያ ነገር፣ የሚጮኸው ሰው ራሱ ጎርፉ ውስጥ ነው፤ ከደረቅ መሬት ላይ ሆኖ ወደ ውኃ አልጠራንም። ሁለተኛም ለዚያ ጩኸት የሚሮጠው ሰው ሳይመረምር አይደለም የሮጠው፤ ምርመራው ቀድሞ አልቋል። ቡና ሲጣጡ፣ ሲበዳደሩ፣ ለቅሶ ሲደርሱ፣ ልጅ ሲያሳድጉ በኖሩባቸው ዓመታት ነው ያለቀው። በብልቃጥ ያደገው ቱቦ ጥሪውን አይሰማም ነበር። የሰውም የተጣደፈ ሌሊት የሚፈርደው በረጋው ቀን በተዘጋጀ ጆሮ ነው። ስለዚህ መርምሩ ስንል ጩኸት በሰማችሁ ቁጥር ቁሙ ማለታችን አይደለም። ጆሯችሁን ማን እያበጀው እንደሆነ በደኅናው ጊዜ እወቁ ማለታችን ነው። ጎረቤት ያበጀው ጆሮና ደላላ ያበጀው ጆሮ በጨለማ አንድ ይመስላሉ፤ ሲነጋ ነው የሚለዩት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለአንዳንዱ ይመሻል።

እንግዲህ ለተነሣንበት ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ጥሪን መከተል በራሱ በጎነት አይደለም፤ አለመከተልም በራሱ ጥበብ አይደለም። ፍሬ የሚያጣው በቆሎ ጥሪ የተላለፈበት ነው፤ ማንንም ላለመስማት ጆሮውን የደፈነ ሰውም ከዚያ በቆሎ አይሻልም። በጎነት ያለው እንቢ ማለት እየቻሉ፣ ጠሪው የት እንደቆመ አይተው፣ እሺ በማለት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ሰው ቢሞት እንኳ ሞቱ የራሱ ነው፤ ማንም ከአበባ ላይ ቀጥፎ አልሰጠውም።

እዚህ ላይ ብዕራችንን ልናስቀምጥ ስንል አንድ ነገር ትዝ አለን። በዚህች ገጽ ጠሪዎቹ እኛው ነን። አንባቢያችንን «ና፣ እንዲህ አስብ» ስንል ቆየን፤ የጠሪ ዕዳ በእኛም ላይ አለ። ስለዚህ እንከፍላለን፤ ማታ ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በዚሁ በማደሪያችን እንገኛለን፤ የሚከራከር ይምጣ፤ የማይስማማ በሚቀጥለው እትም ይጻፍብን። ሀብሀቡን መታ መታ አድርጎ አልጥም ካለው አስቀምጦት ይሂድ። እኛም እስካሁን ብዙ ተጣራን፤ በቃን።